በሁለት ሰማያዊ መኪኖች መካከል

መኪና የምወድ ሴት አልነበርኩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ስትጨርሱ «እሷማ ድሮም ልቧ እዚያው ነበር» እንዳትሉኝ ነው። ልቤ መጽሐፍ ላይ ነበር፤ አሁንም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ነገር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢምባካሲ ውስጥ፣ አውሮፕላኖች ከራሳችን በላይ ዝቅ እያሉ ሲወርዱ፣ ሁለት ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ያሳለፍኩት ጊዜ ስለ ራሴ አውቃለሁ የምለውን ነገር አናግቶታል።

ያኔ ሃምሳን አልፌያለሁ። ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ውስጥ በአንድ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ አራሚ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ሌሎች የተረጎሙትን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ውል እያነበብኩ ስህተት እለቅማለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ቀን በወንድሜ ምግብ ቤት እየሠራሁ፣ ማታ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ነው የተማርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ በጽሑፍ ያላየውን ነገር ማመን ይከብደዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ራሴን አሞኝ እንኳ የራስ ምታት ምልክቶችን ካላነበብኩ መድኃኒት አልወስድም ነበር።

መንጃ ፈቃድም ያወጣሁት ዘግይቼ ነው። ኬንያ ውስጥ ፈተናው የሚጀምረው ጠረጴዛ ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ ነው። መንገድ አላት፣ አደባባይ አላት፣ የትራፊክ ምልክት አላት፤ ተፈታኙ የአሻንጉሊት መኪና በጣቱ እየገፋ ያልፍባታል። እኔ አንድም ሳልሳሳት ገፍቼ ስጨርስ ፈታኙ ሳቀና «ማማ፣ አንቺስ መጽሐፉን በልተሽዋል» አለኝ። ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም መኪና የምነዳው እንደዚያችው አሻንጉሊት ነበር፤ በጣት እንደሚገፋ፣ ቀስ ብዬ፣ ምልክት እያነበብኩ። የወንድሜ ልጅ ማህሌት ትንሿን መኪናዬን «ኮቤ» ብላ ነበር የምትጠራት፤ በስዋሂሊ ኤሊ ማለት ነው። ስሙ ቤተሰቡ ውስጥ ጸና።

ማህሌት ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። መሐንዲስነት ተምራ ዌስትላንድስ አንድ ፎቅ ላይ ጥሩ ሥራ ነበራት። አንድ ቀን ድንገት ለቀቀችና ዋንጂሩ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር የስፖርት መኪና ማሻሻል ጀመረች። የፋብሪካውን ሞላ አውጥተው ጠንካራ ሞላ ያስገባሉ፣ ጎማ ይለውጣሉ፣ የፍሬን ሸራ ይቀይራሉ፣ የሞተሩን አተነፋፈስ ያስተካክላሉ። ቋሚ ቦታ ስላልነበራቸው ከሰው ግቢ ሰው ግቢ ይዞሩ ነበር። አባቷ፣ ታላቅ ወንድሜ ተፈራ ማለቴ ነው፣ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን «ወንድም ጋሼ» የምለው፣ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት፣ ኢምባካሲ ደግሞ ከአገር ቤት የሚመጣ ጤፍና ሽሮ የሚያስቀምጥበት መጋዘን አለው። የመጋዘኑን ግማሽ የያዘው ተከራይ ከወር በፊት ለቆ ነበር። ጠቡ የተነሳው በዚያ ነው።

ዓርብ ማታ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ መጽሐፌን ከፍቼ የጾም ሾርባዬን እጠጣለሁ። አባትና ልጅ መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ተፋጠዋል።

«አባዬ፣ ግማሹ ባዶ ነው አይደል?»

«ባዶ አይደለም። ሰኞ ሰው ይገባበታል። ቁልፉን ሰኞ ጠዋት እሰጠዋለሁ ብያለሁ።»

«እኔ ቀድሜ አልጠየቅኩህም?»

«አንቺ ምን ልታደርጊበት? ጩኸት ልትሸጪበት?» አለ ወንድም ጋሼ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ፋብሪካው ጨርሶ የሸጠውን መኪና ትፈቺና መልሰሽ ትገጥሚያለሽ። ከዚያ ‹አሻሻልኩት›። ምኑ ነው የተሻሻለው? ጎረቤት መቀስቀሱ?»

«ዲፈረንሱን፣ ልዩነቱን፣ ስትነዳው ነው የምታውቀው! ነድተኸው ታውቃለህ?»

«የነዱት ሁሉ እኮ ከፍለውበታል ማሂዬ። ገንዘቡን አፍስሶ ሲያበቃ ‹ምንም አልተሰማኝም› የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ቢዋሽም ለራሱ ነው የሚዋሸው።»

ይህን ሲል ከመጽሐፌ ቀና አልኩ፤ ነጥቡ ትክክል መሰለኝ።

መልሱ የመጣው ከመስኮቱ በኩል ነው። እዚያ አቦይ ዘርአይ ይቀመጣሉ። አስመራ የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መርካቶ አማርኛ የለመዱ፣ ብዙ ዓመት ናይሮቢ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ራታቸውን ሌላ ቦታ በልተው አያውቁም።

«እሺ፣ ያልከፈለ ሰው ይንዳውኣ» አሉ ጺማቸውን በናፕኪን እየጠረጉ። «ስለ መኪና የማያውቅ፣ ለአባትም ለልጅም የማያዳላ፣ መዋሸት የማይችል ሰው ፈልጉ።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ጥግ ዞሩ።

«እኔን ለምን ታዩኛላችሁ?»

«በቅዳሴ መሀል የቄሱን ንባብ ያረመች ሴት ማን ነበረች?» አሉ አቦይ ዘርአይ።

«በመሀል አይደለም፤ ካለቀ በኋላ ነው።»

«ይኸው! ይህችን ነው የምፈልጋት!»

ወንድም ጋሼ ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ለስለስ አለና ቁልፉን ወደ እኔ ገፋው። «ወይንሸት ልዩነት አለ ካለች አለ። የለም ካለች የለም። አለ ካለች ቁልፉ የማሂ ነው። የለም ካለች ግን፣» ወደ ልጁ ዞረ፣ «ሰኞ ጠዋት ዌስትላንድስ፣ ቢሮሽ። አለቃሽ እስከ አሁን ቦታሽን እንደጠበቀልሽ አውቃለሁ።»

ማህሌት አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «ሳዋ» አለች፤ ተስማማሁ ማለቷ ነው።

እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

ቤቴ ገብቼ ስለ መኪና ለማንበብ ቃጣኝና ተውኩት። ሳነብ የሰው ሐሳብ እይዛለሁ፤ የተፈለግኩት ባለማወቄ ነው። ይልቅ እንደ ሥራዬ ሕግ አወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለአቦይ ዘርአይ ደውዬ ነገርኳቸው። ማህሌትና ዋንጂሩ አንድ ዓይነት ሰማያዊ መኪና አላቸው፤ የአንዷ ተሻሽሏል፣ የሌላዋ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የሚጮኸው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ማለቴ ነው፣ ወልቆ የፋብሪካው ይመለስ። የሁለቱም ታርጋ ይሸፈን፣ ወንበራቸው አንድ ዓይነት ጨርቅ ይልበስ፣ የጎማቸው ክዳን ይመሳሰል። በኖራ «አንድ» እና «ሁለት» ይጻፍባቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከአቦይ ዘርአይና ከዋንጂሩ በቀር ማንም አይወቅ። ማህሌት መኪኖቹ ቅዳሜ ማታ መጋዘኑ ከገቡ በኋላ አጠገባቸው አትድረስ። እኔ ስነዳም ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም፤ ፊቷ ሁሉን ነገር ይናገራልና።

«ሌላስ?» አሉ አቦይ ዘርአይ።

«ጆሮዬን በጥጥ እደፍናለሁ። ጩኸቱ እንዲመሰክር አልፈልግም።»

«ሴትዮ፣ አንቺስ ፍርድ ቤት ነበር መቀመጥ ያለብሽ» አሉና ዘጉት።

ወዲያው ማህሌት ደወለች። «አክስቴ፣ ምንም አልልሽም፣ አይ ፕሮሚስ። ብቻ ኩርባው ላይ ስትደርሺ...»

«ይኼ ምን ማለት ነው? ዝጊው!»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ እወድሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ የወንድም ጋሼ ደንበኛ አዲስ የመጋዘን ሰፈር እያሠራ ነበር። አስፋልቱ አልቋል፤ ግንቡ አልተጀመረም። ግቢው ታጥሯል፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ውስጡ ሰው የለም። መንገዱ ሞላላ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰፊ ኩርባ፣ ትንሽ ዳገት፣ ከዚያ አንድ ጠባብ ኩርባ። ሁለቱ ሰማያዊ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። እውነቴን ነው፣ መንትያ ነበሩ። ማህሌት ከሩቅ፣ አጥሩ ጋ፣ ፊቷን ወደ ግራር ዛፍ አዙራ እንደተቀጣች ተማሪ ቆማለች። ወንድም ጋሼ የፕላስቲክ ወንበር አስመጥቶ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

ነጠላዬን አጣጥፌ ለአቦይ ዘርአይ ሰጠኋቸው፤ ጥጡን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ዋንጂሩ የራስ ቁር አጠለቀችልኝ። መጀመሪያ መንገዱን እንድለምድ በራሴ በኮቤ አዞረችኝ። «አንቲ፣ እዚህ ተቃራኒ መኪና የለም፣ ሰው የለም። አትፍሪ» ትለኛለች በምልክት ጭምር። አልፈራሁም ብላችሁ አታምኑኝም። የመጨረሻውን ማርሽ ያስገባሁት እኮ ሕይወቴን ሙሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቁጥር ላይ ወጣሁ።

ጥሩ መኪና ነበር። ከኮቤ ጋር ሲተያይ ቤንዚን ስሰጠው ሳይጠየቅ ይሄዳል። ሰፊው ኩርባ ላይ ግን ሰውነቱን ወደ ጎን ጣል አደረገ፤ ተኝቶ እንደሚገላበጥ ሰው። ፍሬን ስይዝ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ፣ ከዚያ ተመልሶ ቀና አለ። ደጋገምኩት። በዞርኩ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል፤ እኔ መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናው ትንሽ አስቦ ይከተለኛል። ይህ የሁሉም መኪና ጠባይ ነው ብዬ አሰብኩ።

ወርጄ ሁለት ቁጥር ላይ ወጣሁ።

መሪውን ነካ ሳደርገው ፊቱ እኩል ዞረ። በሐሳቤና በጎማው መካከል የነበረው ርቀት የጠፋ መሰለኝ። ኩርባው ላይ አልተኛም፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ፣ ደስታ ይሁን ድንጋጤ አላወቅኩም። ከኩርባው ስወጣ ግን የመኪናው ጀርባ ሌላ ነገር አደረገ፤ ዘግይቶ መጣና ወደ ውጭ ሳበኝ። ጠባቡ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ፊቱ ቆመ፤ ከኋላዬ ግን አንድ ነገር ገና እየሄደ ነበር። ዳገቱንም ሲወጣ አቃሰተ፤ አንድ ቁጥር እንዲህ አላቃሰተም።

ደገምኩት፤ ያው ነው። አቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ሥራዬ ላይ አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ተከፍሎ የተተረጎመ ወረቀት ይደርሰኛል። የላይኛው ግማሽ ጠንቃቃ ሰው የሠራው ነው፤ የታችኛው ቸኩሎ የጨረሰው። ስም አይጻፍበትም፣ እኔ ግን ስፌቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ቁጥር እንደዚያ ወረቀት ነበር። ነገር ግን ስለዚያ ያነበብኩት አንድም ነገር የለም። ያወቀው ጀርባዬ ነው፣ ያወቁት መዳፎቼ ናቸው። በእነሱ ምስክርነት ደግሞ ከዚያ በፊት ፈርጄ አላውቅም። አጥሩ ጋ ጀርባዋን የሰጠችኝን ልጅ አየሁ። ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሷል። የምናገረው ነገር ሰኞ ጠዋት የት እንደምትሄድ ይወስናል።

ጥጡን አውጥቼ ወረድኩ።

«እ?» አለ ወንድም ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ።

«ልዩነት አለ። ሁለት ቁጥር ግን ልክ አይደለም። ፊቱና ጀርባው የአንድ መኪና አይደሉም።»

«ይኸው! ተበላሽቷል ማለት ነው! ፋብሪካውን አትንኩ አላልኩም?»

«አክስቴ!» ማህሌት ሕጉን አፍርሳ ዞረች፤ በሩጫ መጣች። «ምን ማለትሽ ነው ጀርባው?»

«ፊቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ጀርባው ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስቆም ይገፋኛል። አቦይ ዘርአይ፣ የኋላ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።»

አቦይ ዘርአይ ከፈቱት። ሁላችንም አጎንብሰን አየን።

ሁለት ጆንያ የጤፍ ዱቄት። አንድ ከረጢት ሽሮ። አንድ ጄሪካን ዘይት። በደንብ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ዘይቱ እንዳይወድቅ ጎኑ ላይ ፎጣ ተደርጎለታል።

አንድ አውሮፕላን ከላያችን አለፈ።

«አባዬ» አለች ማህሌት ቀስ ብላ።

ወንድም ጋሼ ግንባሩን ያዘ። «ጠዋት... ጠዋት የመጋዘኑን ልጆች ‹ከሰማያዊዎቹ አንዷ ላይ ጫኑ› ብዬ ነበር። ማታ ወደ ሁርሊንግሃም ትመለስ የለም እንዴ? ባዶዋን ለምን ትመለስ?»

ይህን ካላወቃችሁ ወንድሜን አታውቁትም። ከኢምባካሲ መጋዘን ባዶ መኪና ወጥቶ አያውቅም። ሰርግ የሚሄድ መኪና እንኳ በርበሬ አድርሶ ነው የሚሄደው። የእኔ ኮቤ ስንት ጊዜ ሽሮ ሸትታ ቢሮ እንዳደረሰችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሴራ አልነበረም፤ ለእሱ ጭነት ያለበት መኪና ነው ትክክለኛ መኪና።

«አባዬ፣ በስፖርት መኪና ጤፍ!» ማህሌት እየሳቀች ታለቅሳለች።

«መኪና አይደለችም እንዴ?»

«ከመጋዘኑ ወደዚህ ስነዳትማ ‹እንዴት ያለች የተረጋጋች መኪና ናት› ብዬ ነበር!» አሉ አቦይ ዘርአይ።

ዋንጂሩ ነገሩ ሲተረጎምላት አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ለምን ማናችንም እንዳላየነው አስረዳችን፤ የገቡት ሞላዎች ጠንካራ ስለሆኑ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክመው መኪናዋ ከኋላ ዝቅ አላለችም። በዚህም የተሻሻለችው ሁለት ቁጥር መሆኗ ታወቀ።

«ምስጢሩም ወጣ» አለ ወንድም ጋሼ። ፊቱ ቀልቷል። ሊከራከር ይችል ነበር፤ ወንድሜ ግን እንደዚያ አይደለም። ጆንያውን ራሱ ጎትቶ እያወረደ «የእስካሁኑ አይያዝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ድገሚው ወይንዬ። የትኛው እንደሆነ አውቀሽም ቢሆን አትዋሺም።»

«ጤፉን የለየ ጀርባ ሞተሩን ይለያል» አሉ አቦይ ዘርአይ።

ጥጤን መልሼ ከተትኩ።

የሆነውን በትክክል ልጽፍላችሁ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ሰርዣለሁ። ሰፊው ኩርባ ላይ ስደርስ ጀርባው ከፊቱ ጋር አብሮ መጣ። መኪናዋ አንድ ሆነች። ፍሬን ያዝኩ፤ ቀጥ ብላ፣ ሳትሰግድ ቆመች። ለቀቅኳት፤ ሄደች። ወንበሩ ከወገቤ እስከ ትከሻዬ አስፋልቱን ይነግረኛል፤ እዚህ ለስላሳ ነው፣ እዚህ ጠጠር አለ፣ እዚህ ትንሽ ጨምሪ። ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ የቻልኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ጠባቡን ኩርባ ስወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ ስለተደፈነ ድምፁ ከውስጥ ነበር የሚመጣው። እኔ ነበርኩ፤ እየሳቅኩ ነበር፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

አቦይ ዘርአይ ነጠላዬን እያውለበለቡ እንድቆም ምልክት ሰጡኝ። አለፍኳቸው። ዞሬ ስመለስ ደግሞ ሁሉም እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እንደገና አለፍኳቸው። ወንድም ጋሼ አፉን ከፍቶ የሚለውን ከከንፈሩ አነበብኩ፤ «ምን ነካት ይህቺን ልጅ?» ይህችን ልጅ! ከሃምሳ በላይ የሆንኩትን!

በመጨረሻ ቆምኩና ወረድኩ። ማህሌት ከፊቴ ቆማለች፤ መጠየቅ ግን ፈርታለች።

«ጎማው፣ ሞላውና ፍሬኑ ልዩነት ያመጣሉ» አልኳት። «ብዙ ልዩነት። ማንም ሰው ይሰማዋል፤ እኔ ከተሰማኝ። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ትንሽ ይሻላል፣ እንደምትሉት ግን አይደለም።»

«የአየር ማጣሪያውስ? ያ የሚያብረቀርቀው? ሁሉም የሚጠይቀን እሱን ነው።»

«አለ እንዴ እሱ?»

ወንድም ጋሼ እጁን አጨበጨበ። «ማርሚታዋንም ይመልሱባት! እስቲ ጩኸቱም ይታይ!»

ሁለቱ ልጆች ከመኪናው ሥር ገብተው የሚጮኸውን ገጠሙት። በዚህ ጊዜ ጥጡን ተውኩት። ሲነሳ ደረቴ ተንቀጠቀጠ፤ በጣም የፈጠንኩ፣ የበረርኩ መሰለኝ። የፍጥነት ቆጣሪውን ስመለከት ግን ያው የቅድሙ ነው፤ ጀርባዬም የነገረኝ ያንኑ ነው። ወርጄ ይህንኑ ተናገርኩ። «ጆሮዬ ፈጥኗል። መኪናዋ ግን አልፈጠነችም።»

ማህሌት ለአፍታ ከፋት። ከንፈሯን ነከሰች፣ ዋንጂሩን አየች፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ፌር ነው። ጩኸቱን የሚፈልግ ለጩኸቱ ብሎ ይግዛ። ያፈጥናል አንልም።»

«አሁን ነጋዴ ሆንሽ» አለ አባቷ። ቁልፉን ግን ገና አላወጣም ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ና ግባ» አልኩት።

«ወዴት?»

«አጠገቤ።»

«ኧረ በማርያም!» እያለ ገባ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ፈትሾ አሰረ። ሰፊው ኩርባ ላይ በሩን ጨብጦ «ወይንሸት! ወይንሸት!» አለ፤ ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠና «እንዴ! አትዘምምም እኮ!» አለ። ጠባቡ ኩርባ ላይ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ። ሳቆም አልወረደም።

«አንድ ጊዜ» አለ።

«ምን?»

«አንድ ጊዜ ድገሚው።»

ደገምኩለት። ሲወርድ ልጁን ጠራና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን በራሱ እጅ ከደነላት። መጋዘኑን ሰኞ ሊከራይ ለነበረው ነጋዴ እዚያው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ «ቀድማ የጠየቀች ነበረች፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት» ሲለው ሰማሁ። ማህሌት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሰማያዊ ሸሚዙ በሙሉ ግራሶ ሆነ። ከዚያ ሁላችንም ጆንያዎቹን ተጋግዘን ኮቤ ላይ ጫንን። ምን እናድርግ፣ ማታ ሁርሊንግሃም መድረስ ነበረባቸው።

ይህ ምን ለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ሥራዬ ያው ነው፤ አሁንም ጥጌ ላይ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ግን ከዚያ ቀን በፊት እውቀት የሚገባው በዓይን በኩል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ያመለጠኝን ሁሉ ከገጽ ላይ ለመልቀም ስሮጥ፣ ይህ ሰውነት በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ሳህን ሲሸከም፣ በናይሮቢ ሚኒባስ፣ ማታቱ ላይ ቆሞ ሲንገላታ፣ ሲያዳምጥና ሲማር እንደኖረ አላየሁም። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳርም መጀመሪያ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፤ «ከኋላው ጭነት አለ» እላለሁ፣ መዝገበ ቃላቱን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ያላነበባችሁትን የምታውቁት ነገር ይኖራል። በምን እንደምታውቁት ሰው ቢጠይቃችሁ አትፈሩ።

ማህሌትና ዋንጂሩ መጋዘኑ ውስጥ እየሠሩ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ፍሬን፣ ከግድግዳው ወዲያ ጤፍ። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ይደውሉልኛል፤ ጥጤን ይዤ እሄዳለሁ፣ እነሱ ይገጥማሉ፣ እኔ እነዳለሁ። ለደንበኞቻቸው «አክስታችን ካልተሰማት አንሸጥም» ይላሉ። ደንበኞቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

እኔም አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። ጥጡን ከመክተቴ በፊት፣ የራስ ቁሩን ከማጥለቄ በፊት፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ እዞርና ኮፈኑን ከፍቼ አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ከረጢት ሽሮ አገኘሁ።